ለአሮጌ የጀልባ ሞተር የሚስማማ ፕሮፔለር እንዴት ይመረጣል? ከሮተርዳም እስከ ጣና

እዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ አማርኛ ኪቦርድ፣ ስለ ፎንትና ስለ ስልክ አፕ ነው። የዛሬው ትምህርት ግን ውሃ ውስጥ ይገባል። ርእሳችን ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር፣ ማለትም አውትቦርድ፣ በተለይም ከሥሩ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው። ስልክ፣ ኮድና የግዕዝ ፊደልም ስላሉበት ፕሮግራመሮች አትሽሹ።

የምኖረው ኔዘርላንድስ ውስጥ በዘ ሄግ ከተማ ሲሆን ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። በዚህ አገር ቦይ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል፤ ስለዚህም ያገለገለ የጀልባ ሞተር እንደ ያገለገለ ብስክሌት በየቦታው ይሸጣል። ሮተርዳም የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት አሮጌ ሞተር ገዛ። የገዛው ለራሱ አልነበረም። ባሕር ዳር ላሉት፣ በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ ለሚያመላልሱት አጎቱ ሊልከው ነው። በስልክ ስንነግራቸው አጎቱ ስለ ሞተሩ ስምም ሆነ ስለ ዕድሜው አልጠየቁንም። «ስምንት ሰው ተጭኖ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቢነሣ ይመልሰኛል ወይ?» አሉን። «እሱን ሳናረጋግጥማ አንልክልዎትም፣ ጋሼ» አልናቸው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገርም ከዚያ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ፕሮፔለር በሞተሩ ስም ወይም በፈረስ ጉልበቱ ብቻ አይመረጥም። የሚመረጠው ጀልባው እውነተኛ ጭነቱን ይዞ፣ በሚሠራበት ቦታ ላይ፣ ሞተሩ እስከ ጥግ ሲከፈት በሚሰጠው ዙር ነው። የቀረው ሁሉ ይህን ዙር በትክክል መለካትና መተርጎም ነው።

1. ፕሮፔለር የጀልባ ማርሽ ነው

ሰው የጫነ ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ምን ይሆናል? ሞተሩ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዙሩ ይወርዳል፤ ነዳጅ ብንጨምርም ጉልበት አይመጣም። ሾፌሩ ወደ ሁለተኛ ሲመልሰው ዙሩ ይነሣና መኪናው ይወጣል። አውትቦርድ ሞተር ግን ወደፊት የሚሄድበት አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ማርሽ የምንቀይረው ፕሮፔለር በመቀየር ነው።

በፕሮፔለሩ መሃል ወይም ጎን ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ለምሳሌ በጓደኛዬ ሞተር ላይ የነበረው «9 7/8 በ 13» ይላል። ሁለቱም በኢንች ናቸው።

የመጀመሪያው ዲያሜትር ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት። በአነስተኛ ሞተሮች ላይ ይህ ቁጥር ብዙም አይለዋወጥም፤ ከላዩ ያለው ጠፍጣፋ ሳህንና የማርሽ ቤቱ ቅርጽ ቦታውን ይወስኑታል።

ሁለተኛው ፒች ይባላል። ፕሮፔለሩን እንደ ብሎን፣ ውሃውን ደግሞ እንደ እንጨት አስቡት። ብሎኑ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ወደ እንጨቱ ስንት ኢንች ይገባል? ያ ነው ፒች። ፒቹ ከፍ ያለ ፕሮፔለር እንደ አራተኛ ማርሽ ነው፤ ለቀላል ጀልባና ለፍጥነት ይሆናል። ፒቹ ዝቅ ያለው ደግሞ እንደ ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ለጭነትና ለመግፋት ይሆናል።

ውሃ ግን እንጨት አይደለም፤ ይሸሻል። ስለዚህ ጀልባው ፒቹ ከሚፈቅደው ርቀት ሁልጊዜ ያነሰ ይሄዳል። ይህን ልዩነት «መንሸራተት» እንበለው። መንሸራተት ጉድለት አይደለም፤ ያለ እሱ ግፊት አይኖርም። ችግሩ ከልክ ሲያልፍ ነው።

እያንዳንዱ ሞተር አምራቹ ያስቀመጠለት የዙር ክልል አለው፤ መመሪያ መጽሐፉ ላይ «ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ከዚህ እስከዚህ ዙር በደቂቃ» ተብሎ ይጻፋል። የእኛው ሞተር ክልል ከ5,000 እስከ 5,500 ነው። ፒቹ ከበዛ ዙሩ ከክልሉ በታች ይቀራል፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጎትታል፣ ይግላል፣ ካርቦን ያጠራቅማል፣ በጊዜ ብዛት ፒስተኑ ይጎዳል። ፒቹ ካነሰ ደግሞ ዙሩ ከክልሉ ያልፋል፤ ያም የራሱ ስብራት አለው። ለአሮጌ ሞተር የመጀመሪያው አደጋ ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ጀልባው ስለሚሄድ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል።

2. ፕሮፔለር ከመግዛት በፊት ሞተሩን መመርመር

የታመመ ሞተር በፕሮፔለር አይድንም። ዙሩ ዝቅ ያለው ፒቹ ስለበዛ ነው ከማለታችን በፊት አራት ነገሮችን ማየት አለብን።

አንደኛ፣ ኮምፕሬሽን። ካንዴላዎቹን አውጥተን በየሲሊንደሩ እንለካለን። በሁለቱ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ገንዘባችንን ለፕሮፔለር አናውጣ። የነዳጅ መስጫው ገመድም እጀታው ሲዞር ካርቡሬተሩን እስከ ጥግ መክፈቱን በዓይናችን እንይ፤ በአሮጌ ሞተር ላይ ገመዱ ረዝሞ ከሙሉው በታች የሚቀር ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ የመሃል ጎማ። በብዙ ፕሮፔለሮች መሃል የብረቱን እምብርት ከውጪው አካል ጋር የሚያጣብቅ ጎማ አለ። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር የተሠራ ነው። ጎማው ሲያረጅ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ጀልባው ግን ባለበት ይቀራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከእምብርቱ እስከ ውጪው አካል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ። ከሙከራ ጉዞ በኋላ መስመሩ ከተቆራረጠ ጎማው አልቋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ፒኑ። በትንንሽና በቆዩ ሞተሮች ላይ በጎማው ፈንታ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ለስላሳ ፒን ይኖራል። ሲሰበር በሚስማር አትተኩት። ያኔ በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ማርሹ ይሆናል።

አራተኛ፣ የሞተሩ ከፍታ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው የታችኛው ወለል ጋር እኩል ገደማ መሆን አለበት። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፤ ዙሩ ዘልሎ ይወጣል፣ ልኬታችንም ይበላሻል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለአሮጌ ሞተር ገዢ፦ እስከ 1980ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ አምራቾች የፈረስ ጉልበቱን የሚለኩት ከሞተሩ ራስ ላይ ነበር፤ በኋላ ግን ልኬቱ ከፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ሆነ። ስለዚህ የ1970ዎቹ «25» እና የ1990ዎቹ «25» ውሃ ውስጥ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ለአዲሱ የተጻፈን የፕሮፔለር ሠንጠረዥ ለአሮጌው እንዳለ መውሰድ የማያዋጣው አንዱም ምክንያት ይህ ነው።

3. ዙሩን በስልክ መለካት

አሮጌ ሞተር የዙር ቆጣሪ የለውም። በካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠቀለል ርካሽ ቆጣሪ ይገኛል፤ ከተገኘ ጥሩ ነው። ከሌለ ግን ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል፤ ሞተር የሚጮኸው በዙሩ ልክ ነውና።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ሁለት ሲሊንደር ተራ በተራ ከተኮሱ በአንድ ዙር ሁለት ፍንዳታ አለ። ስለዚህ፦

የድምፁ ፍሪኩዌንሲ በኸርዝ = ዙር በደቂቃ ÷ 60 × 2

በተቃራኒው ሲነበብ ደግሞ ዙሩ ማለት ኸርዙ በ30 ሲባዛ ነው። ስልኩ ላይ የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ አፕ መጫን ወይም ድምፁን ቀድቶ በፉሪየር ትራንስፎርም መተንተን ይቻላል። የአንድ ሰከንድ ቅጂ በ1 ኸርዝ ልዩነት ያሳየናል፤ ይህም በእኛ ሞተር 30 ዙር ማለት ነው። ሁለት ሰከንድ ብንወስድ ልዩነቱ ወደ 15 ዙር ይጠብባል። ለፕሮፔለር ምርጫ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንዳንድ ጊዜ በስፔክትረሙ ላይ ጎልቶ የሚታየው የትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ግማሽ ወይም እጥፍ ነው። 78 ኸርዝ አንብባችሁ 2,340 ዙር ካላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ሞተር ይህን ያህል ሊያንስ ስለማይችል እጥፉን ተመልከቱ። ሁለተኛው፣ የድምፅ መልእክት የሚልኩ አፖች የማይለዋወጥ ድምፅን እንደ ጫጫታ ቆጥረው ሊያጠፉት ይችላሉ። በስልኩ የድምፅ መቅጃ ቅዱና እንደ ፋይል ላኩት። ይህች ነገር በኋላ ትጠቅመናለች።

4. ሒሳቡ በግዕዝ ፊደል

ፓይተን ከ3ኛው ትውልዱ ጀምሮ ለተለዋዋጭ ስም የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ሒሳቡን በአማርኛ እንጻፈው፦

ዙር = 4700
የማርሽ_ንጽጽር = 2.08
ፒች = 13
የተለካ_ፍጥነት = 29
የንድፈ_ሐሳብ_ፍጥነት = ዙር / የማርሽ_ንጽጽር * ፒች * 0.001524
መንሸራተት = 1 - የተለካ_ፍጥነት / የንድፈ_ሐሳብ_ፍጥነት

የማርሽ ንጽጽሩ 2.08 ማለት ሞተሩ 2.08 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ቁጥሩ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። 0.001524 ከየት መጣ? አንድ ኢንች 0.0254 ሜትር ነው፤ ደቂቃን ወደ ሰዓት ለመለወጥ በ60 አባዙት፣ ሜትርን ወደ ኪሎሜትር ለመለወጥ በ1000 አካፍሉት። ውጤቱ ፍጥነትን በኪሎሜትር በሰዓት ይሰጠናል።

በግዕዝ ፊደል ኮድ ስትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። «የንድፈ_ሐሳብ» እና «የንድፈ_ሀሳብ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሐ እና ሀ፣ ጸ እና ፀ፣ ሠ እና ሰ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ላይ በአንዱ ጽፋችሁ ታች በሌላው ከጠራችሁት ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» ብሎ ይቆማል። በቡድን ስትሠሩ ከመጀመሪያው በአንድ አጻጻፍ ተስማሙ።

5. የሮተርዳሙ ሙከራ

አራት ሰው ሆነን፣ ፈጣን ጉዞ በምልክት በተፈቀደበት ውሃ ላይ ሞከርን። ፍጥነቱን የለካነው በስልክ ጂፒኤስ ነው። ጂፒኤስ የሚለካው ከመሬት አንጻር ያለውን ፍጥነት መሆኑን አትርሱ። በሮተርዳም መሃል የሚያልፈው ኒውወ ማስ ወንዝ የባሕር ማዕበል ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ውሃ ነው፤ የውሃው ፍሰት ብቻውን ልኬቱን ያዛባዋል። ስለዚህ በየትኛውም ውሃ ላይ ቢሆን ያንኑ መስመር ደርሶ መልስ ሄዳችሁ አማካዩን ውሰዱ።

በ13 ፒች ፕሮፔለር ድምፁ 157 ኸርዝ ሆነ፤ ወደ 4,700 ዙር ማለት ነው። ፍጥነቱ 29 ኪሎሜትር በሰዓት። ኮዱ የንድፈ ሐሳብ ፍጥነቱን 44.8 አደረገው፤ መንሸራተቱም 35 በመቶ ሆነ። ሁለት ምልክቶች በአንድነት እየነገሩን ነው፦ ዙሩ ከክልሉ በ300 ዝቅ ብሏል፣ ከጉዞውም ሲሶው በመንሸራተት ይጠፋል። ጀልባው አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ውሃውን እያረሰ ነበር የሚሄደው።

የተለመደው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ፒቹን በ1 ኢንች መቀነስ ዙሩን ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። በ200 እናስላ፦

የታለመ_ዙር = 5300
አዲስ_ፒች = ፒች - (የታለመ_ዙር - ዙር) / 200

መልሱ 10 ነው። በዚያው ዲያሜትር ባለ 10 ፒች ያገለገለ ፕሮፔለር ፈልገን አስገባን። ድምፁ 177 ኸርዝ፣ ማለትም ወደ 5,300 ዙር ሆነ። ፍጥነቱ 32፣ መንሸራተቱ ደግሞ 18 በመቶ። ማርሹ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱ ጨመረ። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ወደሚሰጥበት ዙር ደረሰ፣ ጀልባውም ከውሃው ላይ ተነሥቶ መንሸራሸር ቻለ።

ኔዘርላንድስ ላላችሁ አንባቢዎች የሕጉን ነገር ልጥቀስ። ጀልባችሁ በሰዓት ከ20 ኪሎሜትር በላይ መሄድ የሚችል ከሆነ ኤርዴዌ በሚባለው መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ የሚነዳውም ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላውና የጀልባ መንጃ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ሾፌሩ ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድም ግዴታ ነው። ትናንት 18 ይሄድ የነበረ ጀልባ ፕሮፔለር ተቀይሮለት ዛሬ 21 ከሄደ በሕግ ፊት ሌላ ጀልባ ሆኗል። የልኬታችሁን ውጤት ከዚህም አንጻር አንብቡት።

6. አምስተርዳም፦ በስድስት ኪሎሜትር ምን ይፈለጋል?

የሮተርዳሙ ምሳሌ ለሁሉም ጀልባ አይሠራም። በአምስተርዳም ቦዮች የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎሜትር ነው። እዚያ ብዙ የሚታየው ደግሞ ስሉፕ የሚሉት ከባድ፣ ሆዱ የጎደጎደ ጀልባ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ከውሃ ላይ አይነሣም፤ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል። የፍጥነቱን ጣሪያ የሚወስነው ርዝመቱ ነው፦ ውሃ የሚነካውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙት፤ በኪሎሜትር በሰዓት ታገኙታላችሁ። 5.5 ሜትር ከሆነ 10.5 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ብትጨምሩበት ማዕበል ከማብዛት በቀር ትርፍ የለውም።

እዚህ የምንፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ግፊት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኋሊት ግፊት። ጠባብ ድልድይ ሥር ልትገቡ ስትሉ ቱሪስት የሞላ ረጅም ጀልባ ከማዶ ብቅ ሲል፣ ባለ ሁለት ቶን ስሉፕን በጥቂት ሜትር ውስጥ ማቆም የሚችለው ምን ዓይነት ፕሮፔለር ነው? ማርሽ ቤቱ የሚፈቅደውን ያህል ሰፊ ዲያሜትርና ሰፊ ክንፍ ያለው፣ ፒቹ ግን ዝቅ ያለ። ብዙ ውሃ ይዞ ቀስ ብሎ መግፋት፣ ጥቂት ውሃ ይዞ በኃይል ከመወርወር ያነሰ ጉልበት ያባክናል። በዚህ ዓይነት ጉዞ መንሸራተቱ ከግማሽ በላይ ቢሆን አትደንግጡ፤ ለዝግተኛ ከባድ ጀልባ የተለመደ ነው። እዚህም መመሪያችን የሞተሩ የዙር ክልል ነው።

ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአምስተርዳም መሃል ለመዝናኛ ጀልባዎች ጭስ አልባ ክልል ሆኗል፤ የመሸጋገሪያ ደንብ ስላለው አሮጌ የነዳጅ ሞተር ያላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የከተማውን ደንብ አንብቡ። ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይሩም ብትሆኑ ትምህርቱ አይቀየርም። ባትሪው ውስን ስለሆነ የፕሮፔለሩ ብክነት እንዲያውም ቶሎ ይታወቃል፤ ልኬቱ ዙር መሆኑ ቀርቶ አምፔር ይሆናል እንጂ።

7. ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር

አሁን ወደ አጎቱ ጥያቄ። በሮተርዳም 5,300 የሰጠው ባለ 10 ፒች ፕሮፔለር ጣና ላይ ምን ይሰጣል?

ሮተርዳም ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ገደማ ናት፤ አንዳንድ ሰፈሮቿም ከዚያ በታች ናቸው። ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ፈረስ 21 ይሆናል። ውሃው ግን አልሳሳም፤ ፕሮፔለሩን የሚይዘው እንደ ሮተርዳሙ ነው።

ፕሮፔለርን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በግምት ከዙሩ ኪዩብ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ጉልበቱ 0.84 ሲሆን ዙሩ በኪዩብ ሩቱ፣ በ0.943 ይባዛል። 5,300 ወደ 5,000 ይወርዳል ማለት ነው። ይህም በአራት ሰው ነው፤ አጎቱ ስምንት ይጭናሉ። 300 ዙር ለመመለስ አንድ ኢንች ተኩል መቀነስ አለብን፣ ለጭነቱ ደግሞ ተጨማሪ። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር ሁለት ፕሮፔለር ላክን፦ አንዱ 9፣ አንዱ 8 ፒች።

በስስ አየር ውስጥ ካርቡሬተሩም ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ትንሿን ባለ ቀዳዳ ብሎን መመሪያው ለከፍታው በሚያዘው ጠባብ ቁጥር መቀየር ያስፈልጋል። ይህ ከፕሮፔለሩ በፊት ይሠራ፤ አለበለዚያ የምንለካው የካርቡሬተሩን ችግር ይሆናል።

ሞተሩ ባሕር ዳር ሲደርስ የአጎቱ ልጅ በስልኩ መቅጃ ድምፁን እየቀዳ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላከልን። እኛ ዘ ሄግ ተቀምጠን አነበብነው። ስምንት ሰው ተጭኖ በ9 ፒች 163 ኸርዝ፣ 4,890 ዙር፤ ከክልሉ በታች ነው። በ8 ፒች 173 ኸርዝ፣ 5,190 ዙር፤ መሃል ላይ ገባ። ባለ 8ቱ ጸደቀ፣ ባለ 9ኙ መጠባበቂያ ሆነ።

ይህ ምርጫ ዋጋ አለው። ጀልባው ባዶውን ሲመለስ ባለ 8ቱ ሞተሩን ከ5,500 በላይ ሊያስጮኸው ይችላል። ስለዚህ ለአጎቱ «ጋሼ፣ ሰው ሲኖር እስከ ጥግ ይክፈቱት፤ ባዶ ሲሆን ግን እጅዎን ያዝ ያድርጉ» አልናቸው። «ባዶውን ምን አጣደፈኝ!» አሉን። አንድ ፕሮፔለር ለሁለት ሥራ እኩል አይሆንም፤ ስንመርጥ ሰው የተጫነበትን ሰዓት ማስቀደም አለብን።

8. የበለጠ መቆፈር ለሚፈልጉ ፕሮግራመሮች

ኢንች በ200 ዙር የሚለው ሕግ ለጓሮ ሥራ በቂ ነው። ከዚያ በላይ መሄድ ለምትፈልጉ ግን ኔዘርላንድስ የዚህ ሳይንስ አንዷ መዲና ናት። በ1929 የተቋቋመውና ዛሬ ማሪን የሚባለው የመርከብ ምርምር ተቋም በዋኽኒንገን ከተማ ይገኛል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትሮስት የተባሉ መሐንዲስና ተከታዮቻቸው የፕሮፔለር ሞዴሎችን በውሃ ገንዳ ውስጥ እየፈተኑ የዋኽኒንገን ቢ ተከታታይ የሚባለውን ስብስብ አጠናቀሩ፤ ሞዴሎቹ 120 ያህል ናቸው። በ1975 ኦስተርፌልድና ፋን ኦሳነን ያን ሁሉ ልኬት ወደ ፖሊኖሚያል ቀመር ቀየሩት። የክንፍ ብዛት፣ የክንፍ ስፋት፣ የፒችና የዲያሜትር ንጽጽር ስትሰጡት ግፊቱንና የሚፈልገውን የመጠምዘዝ ኃይል ያወጣላችኋል።

ቀመሩ የተሠራው ለመርከብ ፕሮፔለር ስለሆነ በመሃሉ ጭስ ለሚያስወጣ የአውትቦርድ ፕሮፔለር አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ጭነትንና ከፍታን ጠይቆ ፒች የሚያቀርብ፣ በአማርኛ የሚሠራ አንድ ትንሽ አፕ ለጣና፣ ለሐዋሳና ለዝዋይ ጀልባ ነጂዎች እውነተኛ ጥቅም ይሰጣል። የድምፅ ንባቡን ከጨመራችሁበት ደግሞ ቆጣሪ መግዛት ያልቻለ ሰውም በስልኩ ሞተሩን ያውቃል።

ቅደም ተከተሉ ባጭሩ

አንድ፣ የሞተሩን ጤና መርምሩ። ሁለት፣ የዙር ክልሉንና የማርሽ ንጽጽሩን ከመመሪያው ጻፉ። ሦስት፣ እውነተኛውን ጭነት ጭናችሁ፣ በሚሠራበት ውሃ ላይ፣ ደርሶ መልስ እየሄዳችሁ ዙሩንና ፍጥነቱን ለኩ። አራት፣ ዙሩ ከክልሉ በታች ከሆነ ፒች ቀንሱ፣ በላይ ከሆነ ጨምሩ፤ በኢንች 200 ገደማ። አምስት፣ አዲሱን ፕሮፔለር ከመግዛታችሁ በፊት የዘንጉን ጥርሶች ቁጠሩ፤ አሮጌ ሞተር ከአዲሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስድስት፣ ሲታሰር ዘንጉን ግራሶ ቀቡ፣ ዳዶውን አጥብቁ፣ የመቆለፊያውን ፒን አትርሱ። ሰባት፣ እንደገና ለኩ።

እጃችሁ ወደ ፕሮፔለሩ ከመጠጋቱ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የካንዴላውንም ሽቦ ንቀሉ። ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ብቻውን አሮጌ ሞተርን ሊያስነሣው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚቆረጠው ጣት ነው።